አሥረኛው ሳህን

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1930 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ከሱቄ የወጣ፦ ጦስኝ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮሰረት፣ ድንብላል፣ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም፣ ቅርንፉድ። ዘጠኝ ጥቅል፣ ሁሉም የተወቀጠ።

የወሰደው አበልጄ ተሰማ ነው። ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። አሁን ለጣልያን ሐኪም ያስተረጉማል። ሐኪሙ የወታደር መግል የብርጭቆ ሳህን ላይ ይቀባና ቅመሜን ጣል ያደርግበታል። ቅመሙ ኃይል ካለው ዙሪያው ይጠራል፤ ከሌለው መግሉ ይወርሰዋል። ከሠራ ቅጠል ማስመጫ የይለፍ ወረቀት አገኛለሁ።

የአባቴን የቁስል መድኃኒት አልሰጠሁም። አባቴ ደብተራ ነበር፤ የቅጠሉን ስም ለባዕድ እንዳልናገር አስምሎኛል። እዚህም አልጽፈውም። ወንድሜ ጫካ ነው፤ አርበኞቹ ቁስላቸውን የሚያደርቁት በዚሁ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ውጤት። ጦስኝና ነጭ ሽንኩርት አሸነፉ። ጥቁር አዝሙድ ደህና። ኮረሪማ ምንም! ሳቅሁ። ተሰማ አልሳቀም።

ለካ ሳህኑ አሥር ኖሯል።

«አሥረኛው ከየት መጣ?»

«አትቆጣ፣ አበልጅ። ጓዳህ ካለው ከአባትህ መድኃኒት ቆንጥሬ ነው። ሳህኑ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ! ሰውየው ሊጨፍር ምንም አልቀረው።»

ባለፈው እሑድ ልደታ ማርያም ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ነው ቤቴ የገባው። ባለቤቴ አሰገደች ምሳ አብልታዋለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ሐኪሙ ከአንድ መኮንን ጋር ሱቅ ድረስ መጣ። ከእንግዲህ ቅጠሉ ለወታደሮቹ ብቻ ነው፤ ለሌላ የሸጠ ይታሰራል። ቅዳሜ አንድ ቁና ላቀርብ ታዘዝሁ።

መኮንኑ «እስካሁን ማን ነበር ከአንተ የሚገዛው?» ሲል ጠየቀ። እኔ «የሰፈር ሰው» አልሁ። ተሰማ ሲተረጉም ግን ንግግሩ ረዘመ። ከገበያ የለቃቀምሁት ጣልያንኛ በቂ ነው፤ «ፍራቴሎ» ሲል ሰማሁት። ወንድም ማለት ነው። መኮንኑ ዞር ብሎ አየኝና ቅዳሜ ስለ ወንድሜ እንደምንጫወት ነገረኝ።

ሲሄዱ ተሰማን እጁን ያዝሁት።

«ምን አልህ?»

«እንዳይጠረጥሩህ ብዬ ነው። ቀድሞ የተናገረ ይታመናል።»

«ወንድሜ ሰርግህ ላይ ሚዜህ ነበር።»

«እሱ ጫካ ገባ፤ እኔ ልጆች አሉኝ። አንተም ንቃ እንጂ፣ አበልጅ!»

«ነቅቻለሁ» አልሁት።

ማታ እራት አልበላሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 10

አሰብሁ። ቅጠሉ የማይረባ ከሆነ ወደ ጫካ የሚልከው ሰው የለም። ያን ጊዜ «ለወንድሙ ይልካል» ያለው ተሰማ ውሸታም ይሆናል።

ቅመም ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ እሳት ላይ የቆየ ቅጠል ኃይሉ ከሽታው ጋር ይወጣል። ጥሩውን በሰንጋ ተራ ከብት ነጋዴ በኩል ለወንድሜ ላክሁ። ለጣልያኖቹ የተለየውን ከአሰገደች ጋር በደረቅ ድስት አመስነው። ቀለሙ ሳይጠቁር ማውጣት ነበር ጭንቁ፤ ሁለት ጊዜ አቃጥለን ደፋን። ሽታ እንዲኖረው ኮረሪማ ጨመርሁበት። ኮረሪማ መግል እንደማይገድል ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

አስረከብሁ። መኮንኑ ስለ ወንድሜ ጠየቀኝ። «ከሄደ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም» አልሁ። «ሳህኑ ይታይና እንመለስበታለን» አለ። ተሰማ ፊቴን አላየም።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

አስጠሩኝ። ሳህኖቹ ሁሉ ደፍርሰዋል። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ኖሯል፤ በእውነት አዘነ፤ ክፉ ሰው አይመስለኝም። መኮንኑ ተሰማን በሰው ፊት አዋረደው፤ ስለ ወንድሜ ሳያነሣ ወጣ። የይለፍ ወረቀቱም ቀረ። ይቅር።

ተሰማ ደጅ ላይ ጠበቀኝ።

«ምን አደረግኸው?»

«እኔ እንጃ። የሚሠራው የተሰረቀው ብቻ ነው መሰል።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ገብቶት ይሆን? ገብቶት ከሆነ ይናገር ይሆን? አላውቅም። ሃያ ዓመት የማውቀው ሰው ነበር።

አሰገደች «እሑድ ቢመጣስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገ ጠዋት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለው ብረት ሠሪ ለጓዳው በር ቁልፍ መግዛት።