ያነበብክልኝ መንገድ

ሽፌ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛ ክረምት ሆነ። ወባው በአምስት ቀን አንተን ከነጠቀኝ ወዲህ በከዚራ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬ የጋሪህን ቃጭል ይፈልጋል። ፈረስህን መልካ ጀብዱ ላለ ገበሬ ሸጥኩት፤ መኖውን መግዛት አቃተኝ። አትቆጣኝ።

መንገዱ ተለውጧል። ዛፎቹ አሉ፣ ጥላቸውም አለ። ከሱቆቹ ግን ግማሹ ተወርሶ ተዘግቷል፤ የቀረውም ግድግዳው በቀይ ቀለም መፈክር ተጽፎበታል። ግሪኩ ዳቦ ጋጋሪ አገሩ ገባ። የአርመኑ ልብስ ሰፊ ቤት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆኗል። አመሻሽ ላይ ሰው ለባብሶ ይንሸራሸርበት የነበረው መንገድ፣ አሁን ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ሁሉም ወደ ቤቱ የሚጣደፍበት ሆነ።

በተጋባን ሰሞን ከባቡር ጣቢያው እስከ ደቻቱ ወንዝ ዳር በጋሪህ ስትወስደኝ ትዝ ይልሃል? እኔ ፊደል የማልለይ የገጠር ልጅ ነበርኩ። አንተ ከሱማሌው በሱማሌኛ፣ ከዓረቡ በዓረብኛ እየቀለድክ፣ በአለንጋህ እያመለከትክ የየበሩን ጽሑፍ ታነብልኝ ነበር። ባቡሩ ሳይመጣ እዚህ እሾህና አሸዋ ብቻ እንደነበረ፣ ፈረንጆቹ ገመድ ወጥረው መንገዱን ቀጥ እንዳደረጉት፣ ዛፎቹ ውሃ በበርሜል እየተቀዳላቸው እንዳደጉ ነገርከኝ። ተሳፋሪው ሁሉ "አቦ ሽፌ፣ ንባቡን ጀምርልን እንጂ!" ይልህ ነበር።

ሰገነት ካለው ቢጫ ቤት ስንደርስ ፈረሱን አቆምክ። ከበሩ በላይ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ቀና ብለህ አየህና፣ "ይህን ቤት ለሙሽራዬ ሠራሁ ይላል። ወላሂ እኔም አንድ ቀን እሠራልሻለሁ" አልከኝ። ቤት አልሠራንም። እኔ ግን በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር የኔ ይመስለኝ ነበር።

የደበቅኩህን ልንገርህ። አንተ ስትወጣ ፊደል እማር ነበር። ክብሪትና ሳሙና ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ከካርቶናቸው ለየሁ፤ ቀጥሎ ስኳር የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ ቁራጭ ከፍራሽ ሥር እየደበቅኩ አጠና ጀመር። አንድ ቀን ጋሪህ ላይ ከጎንህ ተቀምጬ ቀድሜህ ላነብ ነበር ሐሳቤ። አንዴ አንዱን ቁራጭ አገኘኸው። ገልበጥ አድርገህ አየኸውና ምንም ሳትል ወደ ቦታው መለስከው። ሳቅህን የዋጥክ መስሎኝ አፈርኩ፤ ለወራትም ጥናቱን ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ከቢጫው ቤት ፊት ቆምኩ። ድንጋዩን ቀለም አልነካውም። እየተንተባተብኩ አነበብኩት። "የጨውና የቆዳ ማከማቻ" ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ስለ ሙሽራ የሚያወራ አንድ ቃል የለበትም።

መጀመሪያ የቀለድክብኝ መሰለኝ። ቤት ገብቼ ሣጥንህን ከፈትኩ። የጋሪ ፈቃድህ ላይ፣ በየዓመቱ መፈረሚያ ቦታ ላይ፣ ያለው የአውራ ጣትህ አሻራ ነው። ያኔ ገባኝ። ዋሂል ገጠር ያለው ወንድምህ ደብዳቤ ሲልክ "ፀሐይ ዓይኔን መታኝ" እያልክ ለባለሱቁ የምትሰጠው ለዚህ ነበር። ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርት ሲጠራህም "አቦ፣ መንገዱን ሙሉ የማነብ ሰው ምን ቀረኝ ብዬ!" ብለህ ሰፈሩን አስቀህ ቀረህ። ያቺን ቁራጭ ዝም ብለህ የመለስካትም፣ ምን ይላል ብዬ እንዳልጠይቅህ ፈርተህ ነው።

አንተ ከእኔ ስትደበቅ፣ እኔ ካንተ ስደበቅ፣ በአንድ ፍራሽ ላይ ኖርን። ፊደሉን አብረን ብንቆጥር ምን ነበረበት ሽፌ? ማን ይስቅብን ነበር?

ይህን ደብዳቤ አሁን ማን ያነብልሃል? ነገ ጠዋት ጋሪህን ታቆምበት ከነበረው ዛፍ ሥር ቆሜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እኔው አነብልሃለሁ።

ትናንት ከባቡር የወረደች አንዲት ሴት ጓዟን መሬት አስቀምጣ የቢጫውን ቤት ድንጋይ ታይ ነበር። "እህቴ፣ ማንበብ ትችያለሽ? ምን ይላል?" አለችኝ። እችላለሁ አልኳት። "ይህን ቤት ለሙሽራዬ ሠራሁ ይላል።" ድንጋዩን ቀና ብላ እያየች ፈገግ አለች። እስክሞት ድረስ ለጠየቀኝ ሁሉ እንዲሁ ነው የማነበው።

ያንተው የሺ