የመዛኙ ብሎን

ይድረስ ለምትናፍቂኝ ለእትዬ። ያ ቅዝቃዜ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና አይደለም የሚልሽ ካለ አትመኚው።

ዕድሜዬን ሙሉ ከኤሌክትሪክ ጋር ስታገል ኖሬ፣ አሁን የብቃት ወረቀት የሌለው አይሠራም ተባለና ማክሰኞ ለምዘና ሄድኩ። የሰጡኝ ሥራ የልጅ ጨዋታ ነው፤ ሽቦዎቹን ብሬከሩ ላይ ማሰር። መዛኙ ግን አላማረኝም። የሌሎቹን ሽቦ አይቶ ያልፋል፤ እኔን ግን እጅ እጄን ያየኛል። መስመሩ ላይ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር ሳረጋግጥ "ጎበዝ!" አለኝ። ማሰሩ ላይ ስደርስ ካቻቪቴው ከብሎኑ ራስ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ። ሆን ብሎ ያለቀ ብሎን ነው የሰጠኝ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ" አለኝ። ውስጠ ወይራ መሆኑ አልጠፋኝም።

"ይልቅ ብሎኑን ቀይርልኝ!" አልኩት።

ቀየረልኝ፤ አዲሱም ያው ሆነ። ከዚያው ካርቶን አውጥቶት ምን ዋጋ አለው?

ሚስቴም ሰሞኑን አላማረችኝም። ውሃ ስትቀዳልኝ ብርጭቆውን ከግማሽ አታሳልፈውም። ለምን ስላት "እንዳይፈስ ብዬ ነው" ትላለች። ማን ሊያፈሰው? ከመዛኙ ጋር መክረዋል እንዳልል አይተዋወቁም።

ጽሑፌ ከተንጋደደብሽ ጠረጴዛው ነው፤ አንድ እግሩ ያጥራል።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ሰላምሽ ይብዛ።

ታናሽ ወንድምሽ

ልረሳው ነበር፦ አባባ ብርጭቆ በሁለት እጁ መያዝ የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።