ጫማሽን አጥብቀሽ እሰሪ

ቅዳሜ፣ ጥር 29 ቀን 2013 ዓ.ም.

ዳቦ ዘግይቶ መጣ። መብራት ሄዶ ተመለሰ። 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬን ከሱቄ ፍርግርግ ኋላ ስኳር ከረጢቱ ላይ አስደግፌ ሮም ገባሁ። አዎ፣ ማስታወሻዬ፣ ከስደት ሰፈሬ ከዛንድስፕሩት ሳልወጣ። ታናሽ እህቴ ምሕረት እዚያ አስጎብኚ ናት። በወረርሽኙ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ፣ አሮጌውን ከተማ ብቻዋን በእግሯ እየዞረች፣ በየአገሩ ቤቱን ዘግቶ ለተቀመጠ ፈረንጅ በስልክ ታሳያለች። ለእኔና ሆሳዕና ላለችው እናታችን ሊንኩን በነጻ ትልክልናለች። ዘመድ መሆን ጥሩ ነው።

እንደ ሁልጊዜው ካሜራውን ወደ እግሯ አዞረችና በአማርኛ፣ እማዬ፣ ጫማሽን አጥብቀሽ እሰሪ አለች። እማዬም አስሬያለሁ፣ ምሪኝ ብላ መለሰች። አልጋዋ ላይ በነጠላ ጫማ ቁጭ ብላ! ስልኩን የያዘላት የአክስታችን ልጅ ነው። ፈረንጆቹ የሮም ወግ መስሏቸው እነሱም ጫማቸውን ያያሉ።

ኮሎሲየም ደረስን። እማዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አይጠግኑትም አለች። ምሕረት ተረጎመችላቸው፤ ሳቁ። እኔም በሱቅ ሙሉ ሳቅሁ። ጎጎ ምን አገኘህ አሉኝ። ጎጎ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሁሉም ጎጎ ይላቸዋል፣ እንደኛ አያቴ ማለት ነው። ከሱቄ ሳሙና ከሚገዙት ይልቅ ወሬዬን የሚወስዱት ይበልጣል።

እማዬ ታስላለች። ብርድ ነው አለች። ደክሟት ከጉብኝቱ መሃል ወጣች። ምሕረት ትልቁን ፏፏቴ ለሷ ልታቆይላት መንገዱን ቀይራ በሌላ በኩል ጨረሰች። ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ሳንቲም የሚጥሉበት ነው። እማዬ ስለሱ ስትሰማ፣ ይህን ሁሉ ውሃ ማን ይቀዳዋል ብላ ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 3፣ ሌሊቱ ሲነጋ

በፍርግርጉ አየኋቸው። አራት ሰዎች፣ አንድ ባኪ፣ ከኋላው ክፍት የሆነ የጭነት መኪና። ከወዲያኛው ከተማ ከጀርሚስተን ነው የመጡት። ፊት የቆሙት ጋሽ ኤርጎጌ፣ የቤ/ክ ሽማግሌያችን። ሐበሻ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ ሲመጣ ለምን መጣችሁ ተብሎ አይጠየቅም። ቁልፉ ጠፋኝ አልኳቸው። ቁልፉ በእጄ ነበር። ካልከፈትኩ ያልሆነ መሰለኝ።

እማዬ ትናንት ተቀብራለች። ሳንባ ምች ነው አሉ። እኔም ሳንባ ምች አልኩ። መተቃቀፍ ክልክል ነው፤ ጋሽ ኤርጎጌ ማስካቸውን አውርደው አቀፉኝ። አለቀስኩ። መሬት ላይ ወደቅሁ፣ አነሱኝ። ደግሞ ወደቅሁ።

ትንሽ ስረጋጋ ስለ ምሕረት ተነሳ። በስልክ እንዳልነግራት አስማሉኝ። ልጅቷ ብቻዋን ናት፤ መርዶ ሰው ደግፎ ሲይዝ ነው የሚነገረው። የሮም ቤ/ክ ሰዎች በማለዳ ሄደው ይነግሯታል። አገር ቤት ላሉትም ተደወለ፤ ማንም ፎቶ እንዳይለጥፍ። ተስማማሁ። እኔን አራት ሰው ይዞኛል፣ እሷን ማን ይይዛታል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 6

የሮሞቹ ሰዎች አልነገሯትም። ሄደው የሕንፃዋ በር ጠባቂ አላስገባቸውም፣ በሚቀጥለው ሳምንት አሉ። እንግዲህ 5 ሰዓት ሆነ። ካልገባሁ ትጠረጥራለች፤ ገባሁ። ካሜራው ወደ እግሯ ዞረ። እማዬ፣ ጫማሽን አጥብቀሽ እሰሪ። ጠበቀች። የሚመልስ የለም። ጋሼ፣ እማዬ የት ናት ብላ ጻፈችልኝ።

ኔትወርክ የለም ብዬ መለስኩ። በቃ ብል ምናለ? አላልኩም። ሰላም ብላሻለች፣ ጫማዬን አስሬያለሁ በልልኝ ብላለች፣ ብዬ ጨመርኩበት።

ማስታወሻዬ፣ ከአፈር ውስጥ ሰላምታ ላክሁ። ምሕረት ሳቀችና መንገዷን ቀጠለች። ጣራው መሃል ለመሃል ክፍት የሆነ የጥንት ቤተ መቅደስ አሳየችን፤ ዝናቡ ወለሉ ድረስ ይገባል። እማዬ ብትኖር ይህንንም ለምን አይከድኑትም ትል ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 20

የሮሙ መርዶ ነጋሪ ራሱ በኮሮና ተያዘ። አብረውት የጸለዩት ሁሉ ቤት ተዘግቶባቸዋል። በሐዘኑና በምስጢሩ ከሁለት ወገን ታምሜ ልሞት ነው። ምሕረት ዛሬም ጫማ አለች፤ እኔም ዛሬም ሰላም ብላሻለች አልኩ። ውሸቱ ለመደኝ። ፏፏቴውን እስካሁን አላሳየችም፤ እማዬን ትጠብቃለች።

ጎጎ ከሰዓት በኋላ መጡ። እማዬ መሞቷን ያውቃሉ፤ ያን ቀን ለቅሶዬን ሰምተው ብርድ ልብሳቸውን እንደለበሱ የሮጡት እሳቸው ናቸው። እህትህ እንዴት ሆነች አሉኝ። አልሰማችም አልኩ። ደነገጡ። ሰው ሲሞት በዚያው ዕለት ለሁሉም ይደወላል በነሱ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ብቻውን ወድቆ ይቀራል ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ከዚያ፣ "ታዲያ ልጅቷ በየሳምንቱ የምታወራው ከማን ጋር ነው?" አሉ።

የስልክ ኤርታይም ሸጥኩላቸው።

ዓርብ፣ መጋቢት 3

ሮም ከሰኞ ጀምሮ ዳግም ትዘጋለች። ከዘጉ ማን ደጇ ይደርሳል? ነገ መሆን አለበት። የታመሙት ድነዋል። ነገ በማለዳ ቤቷ እንዳይሄዱ እሷ መንገዱን አስቀድማ ልታይ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ከመዘጋቱ በፊት የመጨረሻው ጉብኝት ነው። ፏፏቴው ጋ ትጨርሳለች፤ ለእማዬ ቀርጻ ልትልክላት።

ስለዚህ እኔው መከርኳቸው። ፏፏቴው አጠገብ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፣ ስልኩን ስትዘጋ ብቻ ቅረቡ አልኩ። እሺ አሉ። ማታ ማታ የሚይዘኝ ራስ ምታት መጣ። ጸለይኩ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 4

ልጻፈው።

5 ሰዓት ገባሁ። ጫማ። ጠባብ ጠባብ መንገዶች፣ የተዘጉ ሱቆች፣ የሷ ኮቴ ብቻ። ዛሬ ደስ ብሏታል። ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል፣ ስሙ አለቻቸው። ሰማን። መታጠፊያውን ዞረች።

በደኅናው ጊዜ ያ አደባባይ ሰው በሰው ላይ ነው አሉ፤ የእኛ ሰዎች ቢቆሙም ማንም አይለያቸውም ነበር። ዛሬ ባዶ ነበር። ስድስት ሐበሻ በውሃው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ወንዶቹ ጥቁር ኮት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጥግ ይዛችሁ ብዬ ነበር! ግን ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው የት ይደበቃል። ሞኝ እኔ።

ምሕረት በእንግሊዝኛ ስለ ድንጋዩ እየተናገረች ነበር። ድምፅዋ መሃል ላይ ቆመ። ካሜራው እነሱ ላይ እንደቀረ ቀረ። ከሰዎቹ አንዱ ወደ እሷ መራመድ ጀመረ።

"ጋሼ፣ አለህ?" አለች። በአማርኛ፣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት።

ድምፄን ከፈትኩ። አለሁ አልኩ።

"እማዬ ናት?"

አዎ አልኩ።

ከዚያ ስልኩ ወደቀ። ሰማይ፣ ከዚያ የአንድ ሰው ጫማ፣ ከዚያ ድንጋይ። ጩኸቷ ከውሃው ድምፅ በላይ ነበር። ይዘዋታል፣ ያንን ሰምቻለሁ፤ አይዞሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። ከተመልካቾቹ አንዲት ሴት መስመሩ ተበላሸ እንዴ ብላ ጻፈች። ፍርግርጉ ጋ የቆመ ደንበኛ ዳቦ እያለ ያንኳኳል።

እንግዲህ በስልክ አትንገር ብለው አስምለውኝ፣ በስልክ ነገርኳት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 7

ደወለች። ሰዎቹ እሑድ ማታ ድረስ አብረዋት ነበሩ፤ ከትናንት ጀምሮ ብቻዋን ናት። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነው። የሚያባብል ነገር ተናገርኩ፤ አስቆመችኝ። ባለመንገሬ አልተቆጣችም። ወጉን ታውቀዋለች፣ እሷም ብትሆን ትደብቀኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ያ ሁሉ ሰላምታ የማን ነበር?

የእኔ አልኩ።

"እኔ እኮ በየሳምንቱ ሰላምታዋን መልሼላታለሁ፣ ጋሼ" አለች። ዘጋችው። ባንኮኒው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ የእማዬ መርዶ ዕለት እንዲህ አላለቀስኩም። ጎጎ ፍርግርጉ ጋ በርጩማ አምጥተው እስኪመሽ ተቀመጡ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 11፣ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል

ወሰንኩ። ሮም ተዘግታለች፣ ምሕረት ከደጃፏ አትወጣም። ዛሬ ሊንክ ልኬ ሰፈሬን የማስጎበኛት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚላክ ሌሊቱን ስታገል አደርኩ፤ ተሳካ። ሱቁን ዘጋሁት። ቅዳሜ ቀን ዘግቼ አላውቅም፤ ሰው ያበድኩ መስሎታል። ጎጎ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ይጠብቁኛል፤ እሳቸው የመጀመሪያው ሐውልቴ ናቸው። ከዚያ የቆርቆሮ ቤ/ክናችን። ከዚያ ባኪው የቆመበት ቦታ፣ ከዚያ ቁልፍ ጠፋኝ ያልኩበት በር። የወደቅሁበትንም መሬት አሳያታለሁ። ሌላ የምደብቃት የለም።

ትግባ አትግባ አላውቅም። መልእክቴን አይታዋለች፣ አልመለሰችም። ስልኩ ላይ እስካሁን እኔ ብቻ ነኝ፣ ፊቴ ያረጀ።

ይሁን። 5 ሰዓት ሆነ። ካሜራውን ወደ እግሬ አዞርኩ። ምሕረት፣ ጫማሽን አጥብቀሽ እሰሪ አልኩ።