ለንዱካ ስትፈርድ

ልጄ ኬኔ፣ በሰው አገር የሚጠብቅህ አምላክ እግርህን ከእንቅፋት ይሰውርልህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። አንተ ብቻ በደረቅ ዳቦ ሆድህን አትደልል።

የጎረቤታችን ልጅ ወታደሩ ንዱካ ከድቷል ተብሎ እዚያው እናንተ ጋ መታሰሩን፣ ከሚፈርዱበት መኮንኖችም አንዱ አንተ መሆንህን ሰማሁ። ልጁ እኮ አባቱን ሊቀብር በፈቃድ ነው የመጣው። ሽማግሌዎቻችንን ታውቃቸው የለ? “የሟቹ ቤት ጣሪያ ሳይታደስማ አይቀበርም! ለቀብር የሚመጣው እንግዳ ምን ይለናል?” ብለው አስከሬኑን አቆዩበት። ፈቃዱ አለቀ። “ማማ ኬኔ፣ የመጀመሪያውን አፈር በኩር ልጁ ሳልጥልለት እንዴት ልሂድ?” አለኝ። ቀብሮ ሲያበቃ በራሱ እግር ተመለሰ።

ሕጉን ጣስ አልልህም። ቅጣው፣ ግን አታክርርበት። የኔም በኩር አንተ ነህ። እኔ የሞትኩ ዕለት ፈቃድ የምትለምነው አለቃ፣ አንተ ለንዱካ የራራህለትን ያህል ይራራልህ። አሜን በል።

እናትህ