አራት ከተማ በአንድ ቅዳሜ

ጥቅምት 24፣ ሰኞ
ለመሥሪያ ቤቴ የማዘጋጀውን የከተሞች ትስስር ዕቅድ ጨረስሁ! ወረታ፣ ይፋግ፣ ሐሙሲት፣ ወንዛዬ... አራቱም ቅዳሜ ይገበያያሉ። የጭነት መኪናው ሁሉ በአንድ ቀን ይመጣል። ኃላፊዬ ወይዘሮ ፍሬህይወት አንብበው "እዮብ፣ የኅዳር ዘጠኙ ስብሰባ ላይ ራስህ ታቀርበዋለህ" አሉኝ። ከተመረቅሁ ገና ሁለት ዓመቴ... እኔ! ምሳ እንኳ በቅጡ አልበላሁም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ
ወረታ ገበያ ወረድሁ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ለሸክላ ሠሪዋ ለእትዬ ድንቅነሽ ነገርኋቸው። ድስቶቻቸውን እየደረደሩ ሰሙኝ።
"ሐሙስ ሐሙሲት ነኝ፣ ቅዳሜ እዚህ፣ በሌሎቹ ቀኖች ወንዛዬና ይፋግ። ሁሉም ቅዳሜ ከሆነ... እኔ የቱ ጋ ልሁን?"
ማስታወሻዬን አውጥቼ ቀኖቹን ቆጠርሁ።
"ሦስቱ ገበያ ቀርቶብኝ ልጆቼን በምን ላብላ?"
ኧረ እኔ... ይህን ሁሉ ዓመት ተምሬ የሳምንቱን ቀን መቁጠር ያቅተኝ?

ኅዳር 1፣ ሰኞ
ማረሻ ቀጥቃጩን ካሴን ጠየቅሁ፣ ሸማኔውን፣ ጨው ነጋዴዋን። ሁሉም ይዞራሉ! ከተሞቹ ድሮም የተሳሰሩ ናቸው... በቀን። አያቶቻችን ቀኑን የተከፋፈሉት ሰው ለሁሉም ገበያ እንዲዳረስ ነው። እንዴት ያለ ነገር ነው! ቀኑ አይነካ፤ መኪናው፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ ምርጥ ዘሩ ገበያውን ተከትሎ ይዙር! ግን ወይዘሮ ፍሬህይወት ምን ይሉኝ ይሆን?

ኅዳር 2
"ዕቅዱን ለበላይ ልከነዋል እኮ!" አሉ ወይዘሮ ፍሬህይወት። ደግሞም፦ "ካመንህበት ቆመህ ተሳስቻለሁ በል።"

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ
ተሳስቻለሁ አልሁ! በሰው ሁሉ ፊት፣ ላቤ ጠብ እያለ። ከኋላ አንዱ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ሰብሳቢው ግን እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና "ቅዳሜው ይቅር፣ መኪናው ይዙር" አሉ። ጸደቀ! መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ሰው አብዷል ሳይለኝ አልቀረም።

የካቲት 5፣ ሐሙስ፣ ሐሙሲት
መኪናው መዞር የጀመረበት የመጀመሪያው ሳምንት። እትዬ ድንቅነሽ ከጋቢና ወረዱ። ከኋላ ሠላሳ ድስት፣ በጭድ ተሸፋፍኖ። በጀርባቸው ሲያመጡ ከስድስት አይበልጥም ነበር።
"አልደከመዎትም?"
"ምኑ ይደክመኛል፣ ልጄ? ሁለት ቀን የሚበላብኝ መንገዱ ነበር። አሁን ቀን ተረፈኝ። አዲስ ዘመን ከተማ ገበያ ወጥቼ አላውቅም... እሷንም ጨምርልኝ።"
ካርታዬን በመኪናው ጎን ላይ አስደግፌ አዲስ ዘመንን አስገባሁ። መስመሩን በየት በኩል እንደማሰምረው እሳቸው ነገሩኝ።