ሳል የለብኝም

አላምረው፣

ባጃጁን ይዘህ ስትመጣ አታገኘኝም። ቆቦ ሄጄ ደረቴን ራጅ አልነሣም። ሳል የለብኝም።

ፍየሏ ታስራለች፣ ውኃ አጠጣት። ጎረቤታችን ደብሪቱ ለሳሌ ያመጣችውን ማር መልስላት። አያ ሊሞት ነው ብለህ ሴትዮዋን በከንቱ አስለቅሰሃታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟች ሚስቴ፣ እህትህ፣ ከጥጃነቱ ያሳደገችውን በሬ ሰርቀህ ዋጃ ገበያ ከሸጥከው ወዲህ፣ አባታችን ሆይ ስል የበደለንን ይቅር ማለት የሚመጣበት ቦታ ላይ እየሳልኩ አልፍ ነበር። እግዜርን መዋሸት ፈርቼ ነው። ንስሐ ገብተህ፣ ስግደትህንም ጨርሰህ መጥተህ፣ «አያ፣ እግዜር እንኳ ምሮኛል፤ አንተስ?» ስትለኝም ሳልኩ። አንተ ደግሞ ሮጠህ ፌጦ በሎሚ በጠበጥክልኝ።

በሬዬን የሰረቀ ሰው ጧት ማታ ጀርባዬን በቅባት ሲያሽ ምን ልበል?

ዛሬ ባጃጅ ልትጠራ እንደወጣህ ጸሎቱን ሳልስል ጨረስኩት። በሬውን አልረሳሁትም። ጥሩ በሬ ነበር።
ግን ጨረስኩት።

አሁን ሮቢት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጃለሁ። የሳሉን ነገር እኔም መናዘዝ አለብኝ። ለራት ጠብቀኝ። ከራት በፊት ጸሎቱን ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ፤ አጠገቤ ቆመህ ስማ።

ያኔ ቢያስለኝ ግን ሌላ እንዳይመስልህ። ፌጦህ ጉሮሮዬን አቁስሎታል።

አራጌ