እሷ የወተፈችው ጠርሙስ

ጥር 9

የወይን ጠርሙስ ቡሽ መግጠሚያ ገዛሁ። ባለሁለት እጀታውን። ግራና ቀኝ ይዞ ወደ ታች መጫን ነው፤ ቡሹ ጠርሙሱ አንገት ውስጥ ጥርቅም ይላል። ሻጩ ሌላም አሳይቶኝ ነበር፣ መሬት ላይ የሚቆም፣ ረጅም ዘንግ ያለው። «አባባ፣ ይሄኛው ጉልበት አይጠይቅዎትም፤ ሰውነትን ጣል ማድረግ ብቻ ነው» አለኝ። ሳቅሁበት። ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ያጠበቀ እጅ ቡሽ ያቅተዋል?

ባለቤቴ አልጋዋ ላይ ሆና ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ለማን ነው የገዛኸው?» ለኛ ነዋ፣ አልኳት። መልሳ ሰጠችኝ። ምን አጠፋሁ?

ጥር 10

ገባኝ። ወይኑን የጠመቀችው እሷ ናት። በሽታው ሳይጥላት፣ ከጓሮው ሐረግ ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ጨምቃ። ልጃችን ሰኔ ላይ ትወልዳለች። «እኔ ባልደርስ እጄ ይደርሳል» ትላለች። አንድ ጠርሙስ በገዛ እጇ ወትፋ ለልጅ ልጇ መምጫ ልታስቀምጥ ነው ሐሳቧ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ዛሬ ሞከረች። በሁለት እጇ ተጫነች፣ ቡሹ ንቅንቅ አላለም። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ! የገዛኸው ለራስህ እጅ ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አህያ ነኝ። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ...

ጥር 12

መለስኩት። ሻጩ «ነግሬዎት ነበር እኮ» አለ። ባለዘንጉን ተሸክሜ መጣሁ።

ጥር 13

ደግፌ አቆምኳት። ጠርሙሱን ከሥር፣ ቡሹን ከላይ። ዘንጉ ላይ ሁለንተናዋን ጣለች። ግማሽ ድረስ ወርዶ ቆመ። ክብደቷ አልበቃም... ያቺ የውሃ በርሜል ብቻዋን ታነሳ የነበረች ሴት!

«ቡሽ እንኳ ናቀኝ» አለች፣ እየሳቀች። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። «ምን ትሠራለህ እዚያ?» ውሃ እየጠጣሁ ነው፣ አልኳት።

ጥር 14

ይሄን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው። ሻጩ ቡሹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ነክረው ያውጡ፣ ከዚያ ካለፈ ይላላል ብሎኝ ነበር። እኔ አንዱን ቀቀልኩት። ዙሪያውንም በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረግኩለት። እሷ ዘንጉን ስትጫን ሰተት ብሎ ገባ።

ፊቷ በራ! «አየህ? ትላንት ጥፋቱ የቡሹ ነው እንጂ የኔ አልነበረም።» ልክ ነሽ፣ አልኳት። ጠርሙሱ አንገት ላይ ቀይ ክር አሰረች። የቀሩትን አሥራ ስምንት እኔ ወተፍኩ፤ እሷ ወንበር ላይ ሆና ታዘኛለች። «ቀስ በል አንተ ሰውዬ፣ ቧንቧ አይደለም!»

ያ ጠርሙስ አየር ያስገባል። ሰኔን በደህና አያይም። አውቃለሁ።

የካቲት 21

ቀበርናት።

መጋቢት 30

መግጠሚያውን በጨርቅ ሸፈንኩት። ዓይኔ እንዲያየው አልፈልግም።

መደርደሪያውን ስወለውል ባለቀይ ክሩን አነሳሁት። አንገቱ ረጥቧል። አሸተትኩት... መኮምጠጥ ጀምሯል። ቡሹን ልቀይርለት? እጄን ሰድጄ መለስኩ። እሷ የገጠመችውን እኔ ልንቀለው?

ሰኔ 17

ሴት ልጅ። ደህና ናቸው ሁለቱም። አፍንጫዋ ቁርጥ አያቷን።

ልጄ ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ ሆና «አባዬ፣ እማዬ የወተፈችው የትኛው ነው?» አለችኝ። ይኸው፣ ብዬ ሰጠኋት። ጠዋት ቀዩን ክር ፈትቼ እኔ ከወተፍኳቸው በአንዱ ላይ አስሬው ነበር። ቡሹ እንዴት ብሎ ይውጣ! አማቼ ፊቱ እስኪቀላ ታገለ። «እማዬ እንዲህ ጉልበት ነበራት እንዴ?» አለች ልጄ። ነበራት፣ አልኳት። አንድ ጉንጭ ቀምሳ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

ዋሸኋት? ወይኑ እኮ የእናቷ ነው። ቡሹ ብቻ ነው የኔ።

ቤት እንደገባሁ የሷን አወረድኩ። መክፈቻ አላስፈለገውም፤ በሁለት ጣት ሳብ ሳደርገው ወጣ። ኮምጣጤ ሆኗል። ጉሮሮዬን እያቃጠለኝ እስከ አተላው ጠጣሁት። የሷን ለማንም አላካፍልም።